ሳይነኩት የሚቀየር ማርሽ

ወይንእሸት ሳይክሏ መሪ ላይ ያለውን የማርሽ መጫኛ በቀኝ ጣቷ ጫነች። ምንም የለም። ደግማ ጫነች። መጫኛው ላይ ያለችው ሚጢጢ መብራት አረንጓዴ ብልጭ አለች፤ ካቴናው ግን ካለበት ጥርስ ፍንክች አላለም። መንገዱ ቁልቁለት ነው። እግሯ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይፈጥናል፣ ሳይክሉ ግን የሚሄደው ቁልቁለቱ በገፋው ልክ ብቻ ነው። ተናዳ በግራ ጫነች። ዝዝ አለና ወደሚቀለው ገባ። ግራው ይሰማል። አሁን ጭራሽ ቀለለና እግሯ አየር የሚረግጥ መሰላት።

"ወይ ጣጣ!" አለች፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር።

ትናንት ደህና ነበር። ከጓደኛዋ ከሀብትነሽ ጋር ጎን ለጎን ሲለማመዱ አንድም ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ብቻዋን ሰዓት ሊያዝላት ከቢቸና ስትወጣ እምቢ አለ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ውድድሩ ቅዳሜ።

የቅዳሜው ነገር ቀልድ አይደለም። ከባሕር ዳር አንድ የክለብ ሰው ይመጣል። ሴቶቹ ከቢቸና ሞጣ ሲነዱ በመኪና እየተከተለ ያይና አንዷን ይዞ ይሄዳል። ደመወዝ አለው፣ መኝታ አለው፣ ጎበዝ ለሆነች ከዚያም በላይ አለው። አንዷን ብቻ ግን። ወይንእሸት ሃያ አራት ሞልቷታል። ወንድሟ ባንተአምላክ የመጀመሪያዋን ሳይክል የገዛላት ራሱ ነው፤ አሁን ግን ትዕግሥቱ አልቋል። "ቅዳሜ ከተሳካልሽ እሰየው። ካልተሳካ ሰኞ ጧት ጤፍ መጋዘኔ ውስጥ ሚዛን ያዥ ትሆኛለሽ፣ በቃ" ብሏታል። በክፋት አልነበረም። በክፋት ቢሆንማ ትመልስለት ነበር።

ማርሹ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የመጣው። አሰልጣኛቸው ጋሼ ሣህለ ማርያም አዲስ አበባ ሄደው አንድ ፌስታል አንጠልጥለው ተመለሱ። አንድ ትልቅ ክለብ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጥቷቸው ነው። ፌስታሉ ውስጥ ለሁለት ሳይክል የሚሆን ገመድ አልባ ማርሽ ተደበላልቆ ተቀምጧል። ገመድ የለው፣ ሽቦ የለው። መሪው ላይ በጣት ሲጫኑ ከኋላ ያለው ማርሽ ቀያሪ በባትሪ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ቀኙ ያከብዳል፣ ግራው ያቀላል። አሰልጣኙ አንዱን ለወይንእሸት፣ አንዱን ለሀብትነሽ ሰጡ። ሦስተኛዋ ሰገነት በአሮጌው ገመድ ቀረች፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

የገጠመው ስጦታው የሚባል ልጅ ነው። ስጦታው የባጃጅ መካኒክ ነው፤ ቢቸና ውስጥ ከሱ የተሻለ እጅ የለም። ልማድ አለው፦ ሁለት ባጃጅ ከገባለት የሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ፈትቶ አንድ ላይ ይገጥማል። ጊዜ ይቆጥባል ባይ ነው። ሁለቱን ሳይክሎችም አፍ ለአፍ አድርጎ ከጣሪያው ላይ ሰቀላቸውና መሀላቸው ዱካ ላይ ተቀመጠ። አራቱም መጫኛዎች ጉንጩ አጠገብ ነበሩ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ እዚህ ሲጫን፣ እዚያ ሲያበራ፣ በየመሀሉ "ተገናኘ!" ሲል ዋለ። ሲጨርስ ሁሉም ሠራ። ጋሼ ሣህለ ማርያም አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ በፊሽካ ሆነ። ጋሼ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ያስነዱና ከኋላ በባጃጅ እየተከተሉ ይነፋሉ። አንድ ፊሽካ፣ ሁለቱም ያከብዳሉ። ሁለት ፊሽካ፣ ሁለቱም ያቀላሉ። "እጃችሁ እንደ አንድ ሰው እጅ!" ይላሉ። እንደ አንድ ሰው እጅ ሁኖላቸውም ነበር። እስከ ሐሙስ።

ወይንእሸት ሳይክሏን እየገፋች የስጦታው ጋራዥ ገባች።

"ይሄ ነገር እምቢ አለኝ።"

"የቱ?" አለ ስጦታው፣ ከባጃጅ ሥር እንደተኛ።

"ቀኙ። በግራው ይቀላል፣ በቀኙ አይከብድም።"

"ባትሪ ነው።"

"መብራቱ አረንጓዴ ነው እኮ።"

ስጦታው ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ትንሽ አሰበ። "እንግዲያው ኔትወርክ ነው።"

"የምን ኔትወርክ?"

"ገመድ አልባ አይደል? ስልኬም ከጧት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል።"

"ስልክህና የኔ ሳይክል ምን አገናኛቸው?"

"እሱን እኔም አላውቅም" አለ በሙሉ ልቡ።

ሰቀለው። ሃያ ጊዜ ጫነ። መብራቷ ሃያ ጊዜ ብልጭ አለች፤ ካቴናው አልተነቃነቀም። ባትሪውን አወጣው፣ ነፋበት፣ መለሰው። ምንም የለም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ራቅ አለና እጁን አጣምሮ ቆመ። ወይንእሸትም አጣምራ ቆመች። ሁለቱ እንደ ለቀስተኛ ሳይክሉን ሲያዩት፣ ዝዝ አለ። የኋላው ማርሽ ቀያሪ አንድ ጥርስ ያህል ፈቀቅ አለ። የነካው ሰው የለም። ስጦታው ወደ ኋላ ዘለለ። ደግሞ ዝዝ። ሌላ ጥርስ።

"በስመ አብ!" አለ እያማተበ። "ቅዱስ ጊዮርጊስ ቁም!"

"ምን ሁናችሁ ነው? የሞተ ሰው ሲነሣ ያየ ሰው መሰላችሁ እኮ።"

ሀብትነሽ ናት። ሳይክሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጎማ ልታስነፋ መጥታ ነው። ሀብትነሽ የሞጣ ልጅ ናት። ጋሼን ብላ ቢቸና ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከወይንእሸት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ ነው የሚኖሩት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ወይንእሸት ሁሉንም ትነግራት ነበር። አሁን ግን ጋሼ "ማርሹ ያስቸገራት ካለች ትንገረኝ፣ ለሰገነት እሰጠዋለሁ" ብለዋል። ሀብትነሽ ጆሮ የገባ ጋሼ ጆሮ እንደማይገባ በምን ይታወቃል?

"ምንም" አለች ቶሎ።

"ምንም ነው እንዲህ ያስማተባችሁ?"

"አንችስ ምን ሁነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?"

"ምንም" አለች ሀብትነሽም። በቀኝ ጣቷ የመሪዋን መጫኛ ሳታየው ቀጭ፣ ቀጭ ታደርጋለች። "ሥራ ከሌለህ ጎማዬን ንፋልኝ ስጦታው።"

የተሰቀለው ሳይክል ዝዝ፣ ዝዝ አለ።

"አየሽ?" አለ ስጦታው ወደ ወይንእሸት ጆሮ ጠጋ ብሎ። "መጣ ኔትወርኩ።"

ዓርብ ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ሁለቱን አስከትለው በፊሽካ አስነዷቸው። እንደ ሰዓት ሠራ። ወይንእሸት ይበልጥ ግራ ገባት። ሲያዩዋት የሚሠራ፣ ብቻዋን ስትሆን የሚያኮርፍ ነገር ምንድነው? ስትፈራ እጇ በትክክል ሳይጫን ቀርቶ ይሆን? እጇን አገላብጣ አየችው። ያው እጅ ነው።

ቅዳሜ ጧት ስምንት ሴቶች ከቢቸና ተነሡ። ከኋላቸው ነጭ ፒካፕ፤ ውስጥ የክለቡ ሰውና ጋሼ፣ ከላይ ትርፍ ጎማ አቅፎ ስጦታው። ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ አምስቱ ተንጠባጠቡ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ሰገነትም ከኋላ ቀረች። ወይንእሸትና ሀብትነሽ ብቻቸውን ቀሩ።

ያኔ ነው ጉዱ የጀመረው። ዳገት ላይ ናቸው፣ ጎን ለጎን። ወይንእሸት አንድም ነገር ሳትነካ ዝዝ ብሎ ከበደባት። በግራ አቀለለችው። ትንሽ እንደሄደች ዝዝ፣ እንደገና ከበደ። ከጎኗ ደግሞ ሀብትነሽ ከሳይክሏ ጋር ትጨቃጨቃለች።

"ኧረ ተወኝ! ምን በደልኩህ?"

"ምን አለሽ?" አለች ወይንእሸት።

"ላንች አይደለም!"

ዳገቱ ሲያልቅ ወይንእሸት ጥላት ልትሄድ ብድግ ብላ ረገጠች። ሃምሳ ሜትር ያህል ራቀች። ፍጥነቱ ሲመጣ ልታከብድ በቀኝ ጫነች። ብልጭ። ምንም። ጫነች፣ ጫነች፣ ጫነች። እግሯ ብቻ ይሽከረከራል። ሀብትነሽ ደርሳባት አለፈቻት፣ እሷም እንደ እብድ እግሯን እያሽከረከረች። ወይንእሸት ተከተለቻትና ነፋስ እንድትከልላት ከኋላ ጎማዋ ተጠጋች። አፏ ደርቋል። በቀኝ እጇ የውሃ ኮዳዋን አወጣች።

እየጠጣች ነው ያየችው። የሀብትነሽ ቀኝ ጣት ጫን አለ። ከወይንእሸት ሥር ዝዝ። ጣቱ ደግሞ ጫን አለ። ከሥሯ ዝዝ። ከፊቷ ያለው የሀብትነሽ ካቴና ግን ካለበት አልተነሣም።

ውሃው አንገቷ ላይ ፈሰሰ።

ኮዳውን መለሰችና በጣም ቀስ ብላ፣ እንደምትሰርቅ ሰው፣ በቀኝ ጫነች። የሀብትነሽ ካቴና ዓይኗ ሥር ዘለለ።

"እሰይ! አሁን ገና ገባልኝ!" አለች ሀብትነሽ ለራሷ።

ወይንእሸት ለትንሽ ጊዜ ራሷን ማመን አቃታት። እንግዲህ የሷ ቀኝ የሀብትነሽን ነው የሚያከብደው። የሀብትነሽ ቀኝ የሷን። ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱም አብረው ስለሚጫኑ ሁሉም ደህና ይመስላል። ሲራራቁ ግን ሁለቱም ማክበድ አይችሉም። ስጦታው! አፍ ለአፍ ሰቅሎ መሀል ላይ ተቀምጦ የሷን ከዚያች፣ የዚያችን ከሷ አገናኝቶት ኑሯል። ገብቷት ሳያልቅ እንደገና ይጠፋባታል። የኔ የሷን፣ የሷ የኔን። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

የሚቀጥለው ዳገት ሲመጣ ግን አንድ ነገር ጥርት ብሎ ታያት። ጫነች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ሀብትነሽ ልትቆም ትንሽ ቀራት። ሳይክሏ ተንገዳገደ፤ ፔዳሏ ላይ ቆማ በሙሉ ክብደቷ ረገጠችው። ወይንእሸት አጠገቧ ሽው ብላ አለፈች። ዳገቱ አናት ስትደርስ ርቃታለች። ልቧ የሚመታው በደስታ ይሁን በሌላ ነገር አላወቀችም። ከዚያ ሜዳው መጣ። ሜዳ ላይ የሚከብድ ማርሽ ያስፈልጋል። የሚያከብድላት ጣት ደግሞ ያለው ከኋላዋ፣ የሀብትነሽ መሪ ላይ ነው።

ሀብትነሽ ደረሰችባት። ያን ጊዜ ነው ፒካፑ ተጠግቶ ጋሼ በመስኮት የጮኹት፦ "ምን ሁናችሁ ነው የምትጎተቱት? ሰገነት እየመጣች ነው! በገመዷ!"

ወይንእሸት ዞር ብላ አየች። እውነትም ከሩቅ አንዲት ቢጫ ቲሸርት ትታያለች። ለሀብትነሽ ልትነግራት ወሰነች፤ በደግነት ግን አይደለም። ካልነገረቻት ሁለቱም ሞጣን የሚያዩት ከሰገነት ኋላ ነው።

"ሀብቴ።"

"አታናግሪኝ።"

"የኔን ማርሽ የምትቀይሪው አንች ነሽ።"

"ምን?"

"ያንችን ደግሞ እኔ።"

"ፀሐይ መታሽ እንዴ?"

"ቀኝሽን ጫኚና የኔን ካቴና እይ።"

"ዞር ስል ልታመልጭኝ ነው።"

"እጄን አንሥቻለሁ፣ ይኸው!"

ሀብትነሽ ጫነች። ዝዝ። የወይንእሸትን የኋላ ጎማ አየች። ደግማ ጫነች። ዝዝ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

"በማርያም! ሐሙስ ብቻዬን ስወጣ እምቢ ሲለኝ ጉድ ሆንኩ ብዬ ዝም ያልኩት..."

"እኔንም እምቢ ብሎኝ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንችስ ለምን አልነገርሽኝም?"

ትንሽ ነዱ።

"ቆይ" አለች ሀብትነሽ። "ቅድም ዳገቱ ላይ..."

"እኔ ነኝ።"

"ሦስቴ?"

"ሦስቴ።"

"አንች ጅብ!" አለች ሀብትነሽ፤ ከዚያ ሳቅ አፈናት። ወይንእሸትም ሳቀች። ፒካፑ ውስጥ የክለቡ ሰው ወደ ጋሼ ዞሮ "እነዚህ ልጆች ምን ነክቷቸዋል?" ሲል በከንፈሩ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ መንዳት ሆነ። ወይንእሸት "ሆ!" ስትል ሁለቱም ይጫናሉ፣ ሁለቱም ይከብዳሉ። ሲያቀሉ ለየራሳቸው። እንደዚያ ነድተው አያውቁም። ቢጫዋ ቲሸርት አነሰች፣ አነሰች፣ ጠፋች። ወይንእሸት አንዳንዴ የቱ የሷ እግር፣ የቱ የሀብትነሽ እንደሆነ ይምታታባት ነበር። ባያልቅ ደስ ይላት ነበር። ግን ሞጣ የሚባል ከተማ አለ፤ የሚገባውም አንደኛና ሁለተኛ ተብሎ ነው።

የሞጣ ቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ብልጭ ሲል ሀብትነሽ ተጠጋቻት።

"መግቢያው ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"እዚያ ስንደርስ ሦስቴ እንጫናለን። እኩል። ከዚያ እጅ ማንሣት ነው። እግር ይለየን።"

"እሽ" አለች ወይንእሸት።

ቀጥ ያለው መንገድ መጣ። ግራና ቀኝ ሰው ተሰልፏል፤ የሞጣ ሰው የሚጠራው የሀብትነሽን ስም ነው። ባጃጆች ጥሩምባቸውን ያስጮኻሉ።

"አንድ!" አለች ሀብትነሽ። ሁለቱም ጫኑ። ዝዝ፣ ዝዝ።

"ሁለት!" ዝዝ፣ ዝዝ።

"ሦስት!"

ሀብትነሽ ጫነች። የወይንእሸት ማርሽ ከበደ፤ እግሯ ሥር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ገባላት። የወይንእሸት ጣት መጫኛው ላይ ነበረ። አልጫነም። ጣቷን አትጫን አላለችውም። ጫን ብላም አላዘዘችው። ሚዛኑ ትዝ አላት ማለትም ይከብዳል፤ ምንም ትዝ አላላትም። ጣቱ እዚያው ቁጭ አለ፣ መንገዱ አለቀ፣ እሷም በግማሽ ጎማ ቀደመች።

ሳይክሎቹን እንደተደገፉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሀብትነሽ ትንፋሿን እየሰበሰበች "ባትሪዬ አለቀ መሰለኝ" አለች። "ሦስተኛው አልገባልኝም።"

ወይንእሸት የጫማዋን ማሰሪያ ፈታ መልሳ አሰረች።

የክለቡ ሰው እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ መጣ። ጋሼ ከኋላው እየሳቁ፣ ስጦታው ከጋሼ ኋላ ጎማውን እንዳቀፈ።

"ጎበዝ!" አለ ሰውዬው። "ሙሉ ስም?"

"ቆይ" አለች ወይንእሸት። ተነሣች። "ሦስተኛውን አልጫንኩም።"

"ምን አልጫንሽም?"

"የሷን ሦስተኛ። የሷን የምጭነው እኔ ነኝ። እኩል ሦስቴ ተባብለን ነበር። አልጫንኩላትም።"

"የሷን ማርሽ አንች?"

"አዎ። የኔን ደግሞ እሷ። እሷ ጫነችልኝ።"

ሰውዬው ጋሼን አየ። ጋሼ ስጦታውን አዩ። ስጦታው ሰማይ ሰማይ አየ።

"ኔትወርኩ አንዳንዴ..." ብሎ ጀመረ።

"አንተ ዝም በል!" አሉት ጋሼ። "ልጅቷ ደክሟታል። ውሃ ስጧት።"

"አልደከመኝም ጋሼ! ስጦታው ሲገጥመው አገናኝቶት ነው፤ የኔን ለሷ፣ የሷን ለኔ። ፊሽካ ሲነፋ አብረን ስለምንጫን አልታወቀም። ስንራራቅ ግን እኔ የሷን፣ አይደለም፣ የኔን እሷ..." ተምታታባት። ሰውዬው መጀመሪያ በትዕግሥት፣ ከዚያ በሐዘኔታ ያያት ጀመር።

"እኔን ስሚኝ እህቴ። በዚህ ሳይክል የመጣሽው አንች ነሽ?"

"አዎ፣ ግን..."

"ፔዳሉን የረገጠው ማነው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ምኑ ነው ያስቸገረሽ? ሙሉ ስም?"

"ሀብቴ፣ ንገሪያቸው እንጂ!"

ሁሉም ወደ ሀብትነሽ ዞሩ። ሀብትነሽ የራሷን ቀኝ መጫኛ እያየች ነበር። አሁን ነው የገባት፤ ከፊቷ ይነበባል። አንዴ ብትጫን፣ የወይንእሸት ማርሽ እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ዝዝ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም። ጣቷ መጫኛው ላይ ነው። የሞጣ ሰው ከብቧታል፤ እናቷም ከሕዝቡ መሀል ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይጠብቋታል።

"እኔ የምትለው ምንም አልገባኝም" አለች ሀብትነሽ። "ጻፏት።"

ተነሥታ ሳይክሏን አዞረች። ወይንእሸት አጠገብ ስትደርስ ቆም አለችና ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ "አትንቀጥቀጭ" አለቻት። "እኔ ብሆን ሁለተኛውንም አልጫንም ነበር።"

ወደ እናቷ ሄደች።

እውነቷን ይሁን፣ ልታቀልላት ይሁን፣ ልትወጋት ይሁን፣ ወይንእሸት ጀርባዋን እያየች ቀረች።

"ሙሉ ስም?" አለ ሰውዬው ለሦስተኛ ጊዜ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነው።

ወይንእሸት አፏን ከፈተች። የራሷን ስም ተናገረች። የአባቷ ስም ግን ለጊዜው ጠፋባት።